ከሕንጣሎ እስከ ዋቤ፦ የአንድ የኖራ ድንጋይ ስም ታሪክና የአርሲ ደጋ

በአሰላና በአካባቢዋ ስለ ኢትዮጵያ አለቶች የሚያስተምር መምህር ዘወትር አንድ ችግር ይገጥመዋል። ከአገሪቱ ዐበይት የደለል አለቶች አንዱ «የአንታሎ የኖራ ድንጋይ» መሆኑን ያስተምራል፤ ተማሪው ግን ከቤቱ እስከ ትምህርት ቤቱ ሲመላለስ የሚረግጠው፣ የግቢው አጥር የተካበበትና የቤቱ መሠረት የቆመበት ድንጋይ ሁሉ ጥቁር ወይም ግራጫ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ከከተማዋ በስተምሥራቅ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ የሚታየው የጭላሎ ተራራም ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ስለዚህ ስሙ የሚጠና፣ መልኩ ግን የማይታይ አለት በተማሪው አእምሮ ውስጥ የሩቅ አገር ነገር ሆኖ ይቀራል።

ነገሩ በትምህርት ቤት ብቻ አይወሰንም። የአርሲ ደጋ የስንዴና የገብስ አገር ነው፤ በከፍተኛ ቦታዎቹ ያለው አፈር ደግሞ አሲድነት እያጠቃው ኖራ የሚሻ ሆኗል። ኖራ የሚገኘው ከኖራ ድንጋይ ነው። እንግዲህ ይህ አለት በየት በኩል እንዳለ፣ በምን ስም እንደሚጠራና ስሙ ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ የእርሻና የልማት ጉዳይም ነው ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ይህ ስም ከየት እንደ ተነሣ፣ እንዴት አገር እንዳዳረሰና በአርሲ ደጋ ላይ ሲደርስ ምን ትርጉም እንደሚኖረው የሚያስረዳ ታሪክ ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ተለይቶ ካልተገለጸ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አለቱ ምንድን ነው?

የኖራ ድንጋይ በአብዛኛው ካልሲየም ካርቦኔት ከተባለ ማዕድን የተሠራ የደለል አለት ነው። የሚፈጠረውም ብዙውን ጊዜ ጥልቀት በሌለው ሞቃት ባሕር ውስጥ ነው። በባሕሩ የሚኖሩ ዛጎል ለበስ እንስሳት፣ ኮራሎችና ጥቃቅን ፍጥረታት ሲሞቱ ቅርፊታቸው ከወለሉ ላይ እየተከማቸ፣ ከኖራማ ጭቃ ጋር እየተጠቀጠቀ ከረጅም ዘመን በኋላ ይጠጥራል። ስለዚህ የኖራ ድንጋይ ባለበት ቦታ ሁሉ በአንድ ወቅት ውሃ ነበረ ማለት ይቻላል፤ በኢትዮጵያም ዛሬ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብለው በሚገኙ ገደሎች ውስጥ የባሕር ዛጎል ተቀብሮ ይገኛል።

አለቱን ከሌላው ለመለየት የሚያገለግለው ቀላል ፈተና የአሲድ ፈተና ነው። በውሃ የተቀጠነ አሲድ ጠብ ሲደረግበት የኖራ ድንጋይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የተባለውን ጋዝ እያስወጣ ይንተከተካል፤ ባዛልት ግን ዝም ይላል። ይኸው ጋዝ በእሳት ኀይልም ይወጣል። ንጹሕ የኖራ ድንጋይ በ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲቃጠል ከ100 ኪሎ ግራም ድንጋይ 44ቱ ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ የሚቀረው 56 ኪሎ ግራም ያልተለቆጠ ኖራ ነው። የጎንደር አብያተ መንግሥት ግንበኞች በ17ኛው መቶ ዓመት ድንጋይን ከድንጋይ ያያያዙት በዚህ ዓይነት ኖራ ነበር። ከዚህም የምንረዳው ሊቃውንት ለአለቱ የመጽሐፍ ስም ከማውጣታቸው አስቀድሞ የአገሩ ባለሙያ ድንጋዩን መርጦ፣ አቃጥሎና አቡክቶ ይጠቀምበት እንደ ነበረ ነው።

በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ይህ አለት ብቻውን አይገኝም። በታች በኩል የአዲግራት የአሸዋ ድንጋይ ይተኛል፤ በላዩ ደግሞ ሌላ የአሸዋ ድንጋይ፣ ከሁሉም በላይ የእሳተ ገሞራ ላቫ ተደርቦበታል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የዓባይን በረሃ የሚያቋርጥ መንገደኛ ከወንዙ እስከ አምባው ጫፍ ሲወጣ ይህን ድርድር በተራ ያልፈዋል። ከታች ቀላ ያለው የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ጅፕሰም ያለበት ንብርብር፣ ከዚያም እንደ ደረጃ የተነባበረው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ፣ በመጨረሻም ጥቁሩ ባዛልት ይታያል።

ስሙ ከየት መጣ?

ሕንጣሎ በእንደርታ ከአምባ አራዳም ግርጌ የምትገኝ ጥንታዊት ከተማ ናት። በ19ኛው መቶ ዓመት መባቻ የትግራይ ገዥ የነበሩት ራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ ሆና ነበር። በ1805 የጎበኛት እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት ስሟን በአገሩ ፊደል ሲጽፍ «አንታሎ» በሚመስል ድምፅ ጻፈው፤ ሌሎች የውጭ አገር ተጓዦችም ይህንኑ አጻጻፍ ተከተሉ።

ከ60 ዓመት በኋላ ሌላ እንግሊዛዊ በዚሁ መንገድ አለፈ። ዊልያም ብላንፎርድ በሕንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ባልደረባ ነበር። በ1867 እና በ1868 ጄኔራል ናፒየር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ ያዘመተውን ጦር ተከትሎ እንዲሄድና የአገሩን አለትና እንስሳት እንዲያጠና ተመደበ። ጦሩ ከዙላ ወደብ ተነሥቶ በሰንዓፌ፣ በአዲግራት፣ በሕንጣሎና በአሸንጌ ሐይቅ በኩል ወደ መቅደላ ሲጓዝ፣ ብላንፎርድም በመንገዱ ግራና ቀኝ ያለውን ምድር እየመረመረ ሄደ። መቅደላ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያው ዕለት ሕይወታቸውን ሠዉ። ብላንፎርድ በጉዞው ላይ ያየውን የኢትዮጵያን ሥነ ምድርና እንስሳት የሚያትት መጽሐፉን በ1870 በለንደን አሳተመ።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብላንፎርድ የተመለከታቸውን አለቶች ከታች ወደ ላይ በቅደም ተከተል ከፋፈለ። ለእያንዳንዱም ክፍል ጉልቶ ያየበትን ቦታ ስም ሰጠው። ከጥንታውያኑ ልውጥ አለቶች በላይ ያለውን የአሸዋ ድንጋይ «አዲግራት»፣ ከዚያ በላይ ያለውን የኖራ ድንጋይ «አንታሎ»፣ ላቫዎቹንም «አሸንጌ» እና «መቅደላ» አለ። አንድ ጦር ካለፈበት ጎዳና ውጭ ብዙም ያላየ ሰው ያወጣቸው እነዚህ አራት ስሞች ከ150 ዓመት በላይ ሲያገለግሉ ኖረዋል። ስሞቹ የቆዩት የዘመቻ ዝና ስላላቸው ሳይሆን፣ የሰየማቸው ሰው በቅደም ተከተላቸው ያልተሳሳተ በመሆኑ ነው።

በዚህ ረገድ ለመምህራን አንድ ማስታወሻ ያስፈልጋል። «አንታሎ» የሚለው ቃል የባዕድ አፍ ያጣመመው የሕንጣሎ ስም ነው። አለቱ ከኢትዮጵያ ወደ አውሮፓ መጽሐፍ ገብቶ፣ ከአውሮፓ መጽሐፍ ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤት ሲመለስ ስሙ ተለውጦ ተመለሰ። የሳይንሱ ሥርዐት በጽሑፍ የጸናን ስም በቀላሉ ስለማይለውጥ «አንታሎ» ማለቱ ስሕተት አይደለም፤ ይሁን እንጂ ተማሪው ከስሙ በስተጀርባ ሕንጣሎ የምትባል የአገሩ ከተማ እንዳለች ሊያውቅ ይገባል።

ስሙ እንዴት ተስፋፋ?

ከብላንፎርድ በኋላ ጥናቱ ወደ ደቡብ ተዛወረ። ፈረንሳዊው የማዕድን መሐንዲስ አልፎንስ ኦብሪ በ1880ዎቹ በሸዋ ተዘዋውሮ ከወንዞቹ ሸለቆ የሰበሰባቸውን የባሕር ቅሪተ አካላት ወደ ፓሪስ ወሰደ። ሄንሪ ዱቪዬ የተባለው ሊቅ በ1886 መርምሯቸው በጁራሲክ ዘመን የኖሩ ፍጥረታት መሆናቸውን አስታወቀ። ጁራሲክ ስሙን ያገኘው በፈረንሳይና በስዊዘርላንድ መካከል ካሉት የጁራ ተራሮች ነው። በዚህም የሸዋ ሸለቆዎች የኖራ ድንጋይ የአንድ ታላቅ የባሕር ዘመን ሥራ መሆኑ ታወቀ።

በምሥራቁ በኩል ደግሞ አሜሪካዊው ሐኪም አርተር ዶናልድሰን ስሚዝ በ1894 ከሶማሌ ጠረፍ ተነሥቶ በሼኽ ሁሴን በኩል ሲያልፍ የዋቤንና የወይብን አገር ተመለከተ፤ የጉዞ መጽሐፉም በ1897 ታተመ። በዚያ አካባቢ ያለውም አለት የባሕር ዛጎል የሞላበት የኖራ ድንጋይ ነበር። ከዚያ በኋላ የጀርመን፣ የኢጣልያና የሌሎች አገሮች ተመራማሪዎች በሐረርጌ፣ በባሌና በኦጋዴን የሰበሰቡት መረጃ እየተጨመረ ሄደ።

በኢጣልያ ወረራ ዘመን ሜርላና ሚኑቺ የተባሉ ሊቃውንት የትግራይን ምድር አጥንተው በ1938 ውጤቱን አሳተሙ። ጆቶ ዳይኔሊም እስከዚያ ጊዜ ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ሥነ ምድር የተጻፈውን አሰባስቦ በ1943 በበርካታ ቅጽ አወጣ። ከነጻነት በኋላ ፖል ሞር በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲያስተምር የኢትዮጵያን ሥነ ምድር በአንድ መጽሐፍ አጠቃሎ በ1962 አቀረበ፤ ይህም መጽሐፍ ለብዙ ዓመታት የተማሪዎችና የመምህራን መመሪያ ሆነ።

በዚህ መካከል ሌላ የስሞች ምንጭ ተከፈተ። በ1945 ሲንክሌር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ነዳጅ እንዲፈልግ ፈቃድ ከተሰጠው በኋላ በዚያ በረሃ ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ነዳጅ ፈላጊዎች ከጉድጓድ የሚወጣውን አለት ሜትር በሜትር መለየት ስለሚኖርባቸው «የኖራ ድንጋይ» የሚል ጥቅል ስም አይበቃቸውም። ስለዚህ በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ያለው ወፍራም የባሕር ደለል ሐማንሌ፣ ኡራንደብ፣ ገብረደሬ እየተባለ በኦጋዴን የቦታ ስሞች ተከፋፍሎ ይጠራ ጀመር። በሰሜን አንድ ስም በነበረበት፣ በምሥራቅ ብዙ ስሞች ወጡ።

በ1973 የኢትዮጵያ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት በሶቪየቱ ባለሙያ በካዝሚን የተዘጋጀውን የአገሪቱን የሥነ ምድር ካርታ በ1፡2,000,000 መጠን አወጣ። በዚያው ዓመት በሜርላ የተመራው የኢጣልያ ቡድንም በተመሳሳይ መጠን የኢትዮጵያና የሶማሊያን ካርታ አሳተመ። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ካርታ እትም በ1996 በመንገሻ ተፈራ፣ በታዲዎስ ቸርነትና በወርቅነህ ሐሮ ተዘጋጅቶ ወጣ። በእነዚህ ሥራዎች አማካይነት «አንታሎ» የሰሜኑንና የዓባይን ሸለቆ፣ «ሐማንሌ» እና ጓደኞቹ ደግሞ የደቡብ ምሥራቁን የኖራ ድንጋይ እየለዩ የሚጠሩበት ልማድ ጸና። ነገር ግን በብዙ ጽሑፎች ውስጥ የባሌውና የዋቤው የኖራ ድንጋይ እስከ ዛሬ ድረስ «አንታሎ» ተብሎም ይጠራል። አንድ አንባቢ ሁለቱን ስሞች ሲያገኝ ሁለት የተለያዩ አለቶች ይመስሉታል፤ ስለዚህ ነው የአመዳደቡን ሕግ ማወቅ የሚያስፈልገው።

የአመዳደቡ ሕግ

አንድ የአለት ክፍል በወግ እንዲሰየም ሦስት ነገሮች ይፈለጋሉ። አንደኛ፣ ከሌላው የሚለይበት የአለት ዓይነት ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ ታችኛውና ላይኛው ድንበሩ በገሃድ ሊታይና በካርታ ላይ ሊሠመር ይገባል። ሦስተኛ፣ ማንም ተመራማሪ ሄዶ ሊያየው የሚችል መለያ ቦታ ሊኖረውና ስሙም ከዚያ አካባቢ ሊወሰድ ይገባል። በ1976 የታተመው ዓለም አቀፍ የአለት ንብርብሮች አሰያየም መመሪያ እነዚህን ደንቦች አጽንቷል። በዚህ ሥርዐት መሠረታዊው ክፍል ፎርሜሽን ይባላል፤ ብዙ ፎርሜሽኖች ሲጣመሩ ግሩፕ፣ አንድ ፎርሜሽን ሲከፋፈል ደግሞ ሜምበር ይባላል።

ከሁሉ በላይ ሊጤን የሚገባው የአለት ክፍል ከዘመን ክፍል የተለየ መሆኑ ነው። «ጁራሲክ» የዘመን ስም ነው፤ ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለውን ጊዜ ያመለክታል። «አንታሎ» ግን የአለት ስም ነው። ባሕሩ ወደ ኢትዮጵያ ምድር የገባው የጥንቱ ታላቅ አህጉር ጎንድዋና መሰንጠቅ በጀመረበት ጊዜ ከደቡብ ምሥራቅ በኩል ነበር። አስቀድሞ ኦጋዴንን አለበሰ፤ ከዚያም ቀስ በቀስ ወደ ሰሜንና ወደ ምዕራብ ገሠገሠ። በመሆኑም በኦጋዴን የኖራ ድንጋይ መዝቀጥ የጀመረው በጁራሲክ መጀመሪያ ክፍል ሲሆን፣ በመቀሌ አካባቢ ያለው ግን በአብዛኛው የዘመኑ የመጨረሻ ክፍል ሥራ ነው። አንዱ ባሕር አንዱን ዓይነት ድንጋይ ቢሠራም በሁሉም ስፍራ በአንድ ቀን አልሠራውም። አንድ ስም ለሁሉም የሚሰጥ ሰው የድንጋዩን መመሳሰል በትክክል ይናገራል፤ ዕድሜውንም አንድ ነው ካለ ግን ይሳሳታል።

ስሞች በጥናት ይጠራሉ። ብላንፎርድ በሕንጣሎ አካባቢ በአንድ ስም የጠራውን አለት ሚካኤል በይት በ1972 ባሳተመው ጥናት ከላዩ ካለው የአጉላዕ ሼል በመለየት የመቀሌን ተፋሰስ ዝርዝር ድርድር አቀረበ። የኖራ ድንጋዩ በዚያ አካባቢ ከ700 ሜትር ያላነሰ ውፍረት አለው። በዓባይ ሸለቆም ጌታነህ አሰፋ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የሥነ ምድር ሊቅ ከአዲግራት የአሸዋ ድንጋይና ከአንታሎ የኖራ ድንጋይ መካከል ያለውን ጅፕሰም የበዛበት ንብርብር አጥንተው በ1981 «የጎሐ ጽዮን ፎርሜሽን» ብለው ሰየሙት። ይህ ምሳሌ ለተማሪዎች ሊነገር የሚገባው ነው። የኢትዮጵያ አለቶች ስም በ1868 ከጦር ጋር ባለፈ ሰው ተጀመረ፤ ከመቶ ዓመት ጥቂት ካለፈ በኋላ ደግሞ የአገሩ ምሁር ከአገሩ ሸለቆ ወርዶ አዲስ ክፍል ለየ።

የአርሲ ደጋ ነገር

አሁን ወደ አርሲ እንመለስ ዘንድ ይገባል። የኖራ ድንጋዩን ያስቀመጠው ባሕር የዛሬውን የአርሲን ምድርም ሸፍኖ ነበር። ባሕሩ ከሸሸና ምድሩ ከተነሣ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ጀምሮ በኢትዮጵያ ሰፊ ክፍል ላይ ላቫ ፈሰሰ። ስምጥ ሸለቆው እየተከፈተ ሲሄድ በጠርዙ ላይ ሌሎች እሳተ ገሞራዎች ተነሡ። ጭላሎ፣ ካካና በዳ የዚህ የኋለኛው ዘመን ፍሬዎች ናቸው። ሞርና ፖተር በ1976 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ ከጭላሎ በስተምሥራቅ ያለው የሳጋቱ ሸንተረር ላቫ በስንጥቆች በኩል ወደ ላይ የወጣበትን ብዙ የአለት ግድግዳ የያዘ ነው። እንግዲህ አሰላ የቆመችው የኖራ ድንጋዩን በሸፈነ ወፍራም የላቫ ክዳን ላይ ነው።

ክዳኑ ግን በሁለት በኩል ተገልጧል። በምዕራብ በኩል ስምጥ ሸለቆው ምድሩን ሰንጥቆ ወደ ታች ስላወረደው በወለሉ ላይ የሚታየው አዲስ የእሳተ ገሞራ ውጤትና የሐይቅ ደለል ነው። ይሁንና ከሸለቆው ማዶ በቡታጅራ አቅራቢያ በኬላ የሜሶዞይክ ዘመን ደለል አለቶችና ከእነርሱም በታች ያለው መሠረት አለት ብቅ ብለው መገኘታቸው በ1993 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ይህም የጥንቱ የባሕር ደለል ከላቫው በታች ወዲያና ወዲህ የተዘረጋ ለመሆኑ ምስክር ነው።

በምሥራቅ በኩል ያለው ማስረጃ ደግሞ ይበልጥ ግልጽ ነው። ዋቤ ሸበሌ ከአርሲና ከባሌ ደጋ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲወርድ፣ ሁለቱን አገሮች የሚለየውን ጥልቅ ሸለቆ ቆርጧል። መጀመሪያ ላቫውን ይቆርጣል፤ ወደ ቆላው ሲጠልቅ ደግሞ ከሥሩ ያለውን የኖራ ድንጋይ ይገልጣል። በሸለቆው ደቡብ ባለው አገር የኖራ ድንጋዩ ሰፊ ስፍራ ይዟል። ኖራ የተቀባው የድሬ ሼኽ ሁሴን መካነ ዝያራ የሚገኘውም በዚሁ አካባቢ ነው። ከዚያም በስተደቡብ የወይብ ወንዝ የኖራ ድንጋዩን አሟሙቶ የሠራው የሶፍ ዑመር ዋሻ 15 ኪሎ ሜትር ያህል የተለካ መተላለፊያ አለው። ወንዝ አለትን ሰርስሮ ከመሬት በታች መንገድ የሚያበጀው አለቱ በአሲዳማ ውሃ የሚሟሟ ሲሆን ነው፤ በጭላሎ ባዛልት ውስጥ ይህን የመሰለ ዋሻ አይጠበቅም።

በዚህ ቦታ የካርታ መጠን ጉዳይ ይነሣል። በ1፡2,000,000 ካርታ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር በምድር ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር ነው። በጠባብ ገደል ግድግዳ ላይ የተገለጠ የኖራ ድንጋይ በእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ከቀጭን መስመር አይበልጥም፤ አንዳንዴም ጨርሶ ይጠፋል። የአገሪቱን ካርታ ዘርግቶ አርሲን በላቫ ቀለም ተሸፍና የሚያይ ዕቅድ አውጪ «በአርሲ የኖራ ድንጋይ የለም» ብሎ ቢደመድም ካርታው ዋሽቶት ሳይሆን ካርታው ለዚያ ጥያቄ ስላልተሠራ ነው።

ለዕቅድ አውጪዎች የሚሰጠው ትምህርት

የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት መቀመጫውን አሰላ አድርጎ በተመሠረተ ጊዜ ዋናው ትኩረት የተሻሻለ ዘርና ማዳበሪያ ለገበሬው ማድረስ ነበር። ከዚያ ወዲህ አርሲ በስንዴ ምርት ስሟ ተጠርቷል። ነገር ግን ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ካልሲየምና ሌሎች ጠቃሚ ንጥረ ነገሮች ከአፈሩ እየታጠቡ ይሄዳሉ፤ በየዓመቱ የሚታጨደውም ሰብል ድርሻውን ይወስዳል፤ የአሞንየም ማዳበሪያዎችም በረጅም ጊዜ አሲድነትን ይጨምራሉ። በሰፊው በሚጠቀስ ግምት መሠረት በኢትዮጵያ ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሆነው በአፈር አሲድነት የተነካ ነው፤ እንደ በቆጂ ያሉ የአርሲ ከፍተኛ ቦታዎችም ከዚህ ውጭ አይደሉም። አፈሩ ሲኮመጥጥ አሉሚንየም እየሟሟ የሰብሉን ሥር ይጎዳል፤ ገበሬው የሚጨምረው ፎስፎረስም በአፈሩ ተይዞ ይቀርበታል። ማዳበሪያ ገዝቶ ምርት የማያይ ገበሬ ጥፋቱ የማዳበሪያው ይመስለዋል።

መድኀኒቱ ኖራ ነው። ለእርሻ የሚሆነው ኖራ መቃጠል አያስፈልገውም፤ የኖራ ድንጋይ ደቅቆ ከተፈጨ ይበቃል። ችግሩ ብዛቱ ነው። ለአንድ ሄክታር የሚያስፈልገው በኪሎ ሳይሆን በቶን የሚቆጠር ስለሆነ ዋጋውን የሚወስነው ድንጋዩ ሳይሆን የሚጓጓዝበት መንገድ ነው። ስለዚህ ለደጋው ገበሬ በጣም የሚቀርበው ተስማሚ የኖራ ድንጋይ የትኛው ነው የሚለው ጥያቄ ከአመዳደብ ጥናት ተነሥቶ ወደ ገበሬው ኪስ የሚደርስ ጥያቄ ነው።

እዚህ ላይ ስሙ የሚያረጋግጠውንና የማያረጋግጠውን መለየት ያሻል። በካርታ ላይ «አንታሎ» ወይም «ሐማንሌ» ተብሎ ሲጻፍ ስሙ የሚናገረው አለቱ በድርድሩ ውስጥ ያለውን ቦታና ዋና ዓይነቱን ነው። የሁሉም ንብርብር ንጽሕና አንድ ነው ማለት ግን አይደለም። በአንድ ፎርሜሽን ውስጥ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ፣ ሸክላ የተቀላቀለበት የኖራ ድንጋይና ሼል ይፈራረቃሉ፤ በአንዳንድ ስፍራም ማግኒዥየም የበዛበት ዶሎማይት ይገኛል። ለእርሻ ጥሩ የሆነ ማግኒዥየም ያለበት ድንጋይ ለሲሚንቶ ሊከለከል ይችላል። የሙገር የሲሚንቶ ፋብሪካ በ1984 ሥራ የጀመረውና የመሰቦ ፋብሪካ በመቀሌ የተተከለው የኖራ ድንጋይ በቅርብ ስላለ ነው፤ ሆኖም ለሲሚንቶ የሚሆነው ድንጋይ የሚመረጠው በስሙ ሳይሆን ከየንብርብሩ በሚወሰድ ናሙና ምርመራ ነው። የአርሲና የባሌ የዋቤ ሸለቆም እንዲሁ ገደል በገደል ሊመረመር ይገባዋል።

የውሃውም ነገር ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። በላቫው ደጋ ዝናብ በአፈሩና በተሰነጠቀው ድንጋይ ተይዞ በየሸንተረሩ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። በኖራ ድንጋዩ ቆላ ግን ውሃው በስንጥቅና በዋሻ በኩል ወደ ጥልቁ ይሰምጣል፤ ላይኛው መሬት ደረቅ ሆኖ ይቀራል። አንድ ዓይነት የጉድጓድ ዕቅድ ለደጋውና ለቆላው ቢታዘዝ በአንዱ ሊሠምር፣ በሌላው ሊከሽፍ ይችላል።

ለመምህራን የሚሰጠው ትምህርት

በአሰላና በአርሲ ደጋ ያለ መምህር የኖራ ድንጋይን ለማስተማር ከግቢው ጥቁር ድንጋይ ቢጀምር ይሻለዋል። ተማሪዎች ባዛልት፣ ነጠብጣብ ያለበት የላቫ ድንጋይ፣ ከተገኘም ከቆላው ወይም ከግንባታ ቦታ የመጣ የኖራ ድንጋይ ያሰባስቡ። የእንቁላል ቅርፊትም ከዚያው ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠራ ስለሆነ የኖራ ድንጋይ በጠፋበት ቦታ ለማነጻጸሪያ ያገለግላል። በየናሙናው ላይ ኮምጣጤ ወይም የሎሚ ጭማቂ ጠብ ያድርጉ፤ የሚንተከተከውንና የማይንተከተከውን ይመዝግቡ። ከዚያ በኋላ ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ፤ ባሕር በሌለበት አገር የባሕር ድንጋይ እንዴት ተገኘ? ከዋቤ ገደል የሚታየው ድንጋይ ለምን በአሰላ አይታይም? ሁለተኛውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ተማሪ የአገሩን የሥነ ምድር ታሪክ ግማሹን ተረዳ ማለት ነው።

ቀጥሎም የአንድ ሸለቆ ገጽ በወረቀት ላይ ተሥሎ ንብርብሮቹን ከታች ወደ ላይ እንዲሰይሙ ማድረግ ይቻላል። ስሞቹን ከመንገራቸው በፊት ተማሪዎቹ ራሳቸው በየአካባቢያቸው የቦታ ስም እንዲሰይሟቸው ቢደረግ ብላንፎርድ በ1868 የገጠመውን ሥራ በትንሹ ይሞክሩታል። ሁለት ቡድን ለአንድ ንብርብር ሁለት ስም ሲያወጣ ደግሞ «አንታሎ» እና «ሐማንሌ» እንዴት ጎን ለጎን እንደ ቆሙ ያለ ብዙ ማብራሪያ ይገባቸዋል።

በአጠቃላይ ሲታይ የአንድ አለት ስም የሥራ መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አይደለም። ብላንፎርድ በሕንጣሎ ያየውን ሰየመ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡት አሰፉት፣ ከፋፈሉት፣ አረሙት። ለአርሲ የቀረው ሥራ በጥቁሩ ክዳን ሥር ያለውንና በዋቤ ገደል የተገለጠውን ነጭ ድንጋይ ንብርብር በንብርብር መርምሮ ለደጋው አፈር የሚበጀውን መለየት ነው። ይህን ሥራ ነገ የሚሠራው ዛሬ በአሰላ ትምህርት ቤት ጥቁር ድንጋይ ላይ ሎሚ ጨምቆ ዝም ማለቱን ያስተዋለ ተማሪ ሊሆን ይችላል።